አንድ መርከብ፣ ሦስት መዝገብ፦ በታይምሼር ነጥብ የሚከፈል የባሕር ሽርሽር ዋጋው ስንት ነው?

መግቢያ

ታይምሼር በመባል የሚታወቀው ውል አንድን የዕረፍት ማረፊያ ቤት ብዙ ሰዎች በጊዜ ተከፋፍለው እንዲገለገሉበት የሚያደርግ የይዞታ ወይም የመጠቀሚያ መብት ነው። ቀድሞ መብቱ የሚለካው በሳምንት ነበር፤ ዛሬ ግን በሰሜን አሜሪካ በስፋት የሚሸጡት ውሎች በነጥብ የሚለኩ ናቸው። አባሉ አንድ ጊዜ ከፍ ያለ የግዥ ዋጋ ይከፍላል፤ በየዓመቱ ደግሞ የጥገናና የአስተዳደር ክፍያ ይከፍላል፤ በምላሹም በየዓመቱ የተወሰነ ነጥብ ይሰጠዋል። በነጥቡ በገዛበት ሪዞርት ሊያድርበት፣ በሌላ ሪዞርት ሊለውጠው ይችላል። በብዙ ክለቦች ደግሞ የመርከብ ሽርሽር ሊከፍልበት ይችላል።

ይህ የመጨረሻው አማራጭ ለአባላት ማራኪ ሆኖ ይታያል። ሰባት ሌሊት በባሕር ላይ ማደር፣ ምግብና መዝናኛ ተጨምሮበት፣ የጉዞው ሂሳብ ከኪስ ሳይሆን ከነጥብ ሲቀነስ ጉዞው በነጻ የተገኘ ያህል ይሰማል። በሌላ በኩል ስለ ታይምሼር የሚጽፉ ብዙ የገንዘብ አማካሪዎች ነጥብን በዚህ መንገድ ማውጣትን አይመክሩም። ክርክሩም ዘወትር «ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» በሚለው ጥያቄ ላይ ይሽከረከራል።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ጥያቄው በዚህ መልኩ ሲቀርብ መልስ ሊያገኝ እንደማይችል ነው። አንዱ የመርከብ ጉዞ በሦስት የተለያዩ መዝገቦች ሊሰላ ይችላል፤ ሦስቱም መዝገቦች ትክክል ናቸው፤ መልሳቸው ግን ይለያያል። ችግሩ አባሉ ስሌት አለማወቁ አይደለም። ችግሩ ለአንዱ ጥያቄ የተዘጋጀውን መዝገብ ለሌላው ጥያቄ መልስ አድርጎ እንዲጠቀምበት የነጥብ ሥርዓቱ መጋበዙ ነው። ስለዚህ መፍትሔው አባሉን መምከር ብቻ አይደለም፤ ነጥቡ በሚከፈልበት ቅጽበት የገንዘብ ዋጋው በግልጽ እንዲጻፍ ማስገደድ ነው።

ነጥቡ ከየት መጣ?

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ የነጥብን ጠባይ ለመረዳት አመጣጡን ማየት ይጠቅማል። የዕረፍት ቤትን በጊዜ የመከፋፈል ሐሳብ በአውሮፓ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በስዊዘርላንድ የተመሠረተው ሃፒማግ ለባለአክሲዮኖቹ በየዓመቱ የማረፊያ ነጥብ በመስጠት ይታወቃል። በአሜሪካ ግን በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የሰፈነው የሳምንት ሥርዓት ነበር። አባሉ ለምሳሌ በየዓመቱ የሐምሌን ሁለተኛ ሳምንት በአንድ በታወቀ ቤት የማሳለፍ መብት ይገዛ ነበር።

የሳምንት ሥርዓት ግልጽነት ነበረው፤ ነገር ግን ግትር ነበር። በየዓመቱ ወደ አንድ ቦታ መሄድ የሰለቸው አባል ሳምንቱን ከሌላ አባል ጋር የሚለዋወጥበት መድረክ ያስፈልገው ነበር። ይህንኑ ፍላጎት ለማሟላት አርሲአይ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል ደግሞ በ1976 ተቋቋሙ። ሳምንትን በሳምንት መለወጥ ግን እኩል ያልሆኑ ነገሮችን ማመዛዘን ይጠይቃል፤ የክረምት ሳምንት በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻና የመኸር ሳምንት በተራራ መንደር አንድ አይደሉም። ነጥብ የተፈለገው ለዚህ ነው፦ የተለያዩ ቦታዎችንና ወቅቶችን በአንድ መስፈሪያ ለመለካት። የዲዝኒ የዕረፍት ክለብ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራውን ሲጀምር መነሻው ነጥብ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ሳምንት ሲሸጥ የቆየው የማሪዮት የዕረፍት ክለብም እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ነጥብ ዞረ።

እዚህ ላይ አንድ ለውጥ ልብ ሊባል ይገባል። ሳምንት የገዛ ሰው ምን እንደገዛ ያውቃል፤ ቤቱንና ወቅቱን ጠቅሶ በሆቴል ዋጋ ሊያስተያየው ይችላል። ነጥብ የገዛ ሰው ግን የገዛው መስፈሪያ ነው። በመስፈሪያው ምን ያህል እንደሚሰፈርለት የሚወስነው ደግሞ መስፈሪያውን የሸጠው ክለብ ነው። ነጥቡ በክለቡ ቤቶች ውስጥ ብቻ እስከዋለ ድረስ ይህ ሥልጣን አብዛኛውን ጊዜ በውሉ የተገደበ ነው። ነጥቡ ከቤት ወደ መርከብ ሲሻገር ግን የምንዛሬውን መጠን ክለቡ በየጊዜው ሊቀይረው ይችላል።

ልውውጡ እንዴት ይሠራል?

የመርከብ ድርጅት ነጥብ አይቀበልም፤ የሚቀበለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ አባሉ ነጥቡን ለክለቡ ሲያስረክብ፣ ክለቡ ያ ነጥብ ይወክለው የነበረውን የማረፊያ ምሽት ለሌላ እንግዳ በጥሬ ገንዘብ ያከራያል፤ ከሚያገኘውም ለመርከብ ድርጅቱ ይከፍላል። በሁለቱ መካከል የኪራይ ሥራው ወጪ፣ ቤቱ ሳይከራይ የመቅረት ሥጋትና የክለቡ ትርፍ አሉ። እነዚህ ሁሉ የሚሸፈኑት ለነጥቡ ከሚሰጠው ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ነጥብ በመርከብ ላይ ዋጋው የሚቀንሰው በአንድ ክለብ ክፋት አይደለም፤ የልውውጡ አሠራር ራሱ የሚያስከትለው ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛ፣ ነጥቡ የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ የጉዞውን መሠረታዊ ዋጋ ነው። የወደብ ክፍያና ግብር፣ የሠራተኞች ጉርሻ፣ ከመርከብ ወርዶ የሚደረግ ጉብኝትና የመሳሰሉት በገንዘብ ይከፈላሉ፤ ክለቡም ለአገልግሎቱ የተወሰነ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመርከብ ክፍል የሚበላሽ ሸቀጥ ነው፤ መርከቡ መልሕቁን ካነሣ በኋላ ባዶ የቀረ ክፍል ምንም አያወጣም። ስለዚህ የመርከብ ድርጅቶችና የጉዞ ወኪሎች ቅናሽና ማበረታቻ ደጋግመው ያቀርባሉ። በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል መንገደኛ ይህን ቅናሽ አሳድዶ ሊያገኝ ይችላል። በነጥብ የሚከፍል አባል ግን አስቀድሞ በተወሰነ ሠንጠረዥ ስለሚከፍል ብዙውን ጊዜ ከቅናሹ ተቋዳሽ አይሆንም።

ሦስቱ መዝገቦች

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አኃዞቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የታሰቡ እንጂ ከየትኛውም ክለብ የዋጋ ሰነድ የተወሰዱ አይደሉም። አንድ ቤተሰብ በዓመት 200 ነጥብ የሚያስገኝ ውል፣ አንዱን ነጥብ በ150 ዶላር ሒሳብ፣ በጠቅላላው በ30,000 ዶላር ገዛ እንበል። ውሉ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ዓመታዊው ክፍያ በነጥብ 8 ዶላር ወይም በጠቅላላው 1,600 ዶላር ነው። ቤተሰቡ ለሁለት ሰው 3,000 ዶላር የሚያወጣ የመርከብ ጉዞ ተመኘ፤ ክለቡም ለጉዞው 300 ነጥብ ጠየቀ። ካለፈው ዓመት የተሸጋገረ 100 ነጥብ ስላለ ነጥቡ ይበቃል። በሁለቱም መንገድ በገንዘብ የሚከፈሉት ግብርና ጉርሻ ከስሌቱ ይውጡ።

የመጀመሪያው መዝገብ ዓመታዊውን ክፍያ ብቻ ይመዘግባል። 300 ነጥብ በ8 ዶላር ሲባዛ 2,400 ዶላር ይሆናል። ጉዞው 3,000 ዶላር ያወጣል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ 600 ዶላር አተረፈ ማለት ነው።

ሁለተኛው መዝገብ የግዥውን ዋጋም ይጨምራል። 150 ዶላር ለ50 ዓመት ሲከፋፈል ለአንድ ነጥብ በዓመት 3 ዶላር ይደርሳል፤ የብድር ወለድና ገንዘቡ በሌላ ቦታ ቢቀመጥ ያስገኝ የነበረው ጥቅም ሳይታሰብ ማለት ነው። የአንዱ ነጥብ ሙሉ ወጪ 11 ዶላር፣ የ300ው ነጥብ ደግሞ 3,300 ዶላር ይሆናል። በዚህ መዝገብ ቤተሰቡ 300 ዶላር ከስሯል።

ሦስተኛው መዝገብ ያለፈውን ወጪ ትቶ የታለፈውን ዕድል ይመዘግባል። ቤተሰቡ በ300ው ነጥብ የሪዞርቱን ምሽቶች ይዞ ለሌላ ሰው ቢያከራይ፣ የአገናኝ ድርሻና ግብር ተቀንሶ በነጥብ 14 ዶላር ሊያገኝ ይችላል እንበል። ያ 4,200 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ 3,000 ዶላር ለመርከቡ በጥሬ ገንዘብ ቢከፍል 1,200 ዶላር ይተርፈዋል። ስለዚህ በነጥብ መክፈሉ 1,200 ዶላር አሳጥቶታል።

ጉዞው አንድ፣ መርከቡ አንድ፣ ነጥቡም አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ 600 ትርፍ፣ 300 ኪሳራና 1,200 ኪሳራ ሆነ። ከሦስቱ የትኛው ነው እውነተኛው? ሁሉም እውነተኛ ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው መዝገብ የሚያገለግለው ውሉን በቀጣዮቹ ዓመታት ይዞ ለመቆየት ወይም ከውሉ ለመውጣት ለሚያስብ ሰው ነው፤ ለዚህ ሰው ወደፊት የሚከፈለው ዓመታዊ ክፍያ ሊድን የሚችል ወጪ ነውና። ሁለተኛው የሚያገለግለው ገና ሊገዛ ለሚያስብ ሰው ነው። ሦስተኛው የሚያገለግለው ነጥቡ በእጁ ላለና ለምን እንደሚያውለው ለሚያስብ ሰው ነው።

የመርከብ ትኬት ለመያዝ የተቀመጠው አባል የሚያስፈልገው ሦስተኛው መዝገብ ነው። የግዥው ዋጋ ተከፍሎ አልቋል፤ የዓመቱም ክፍያ ነጥቡ ጥቅም ላይ ዋለም አልዋለም የማይቀር ዕዳ ነው። ሁለቱም በዚያ ቅጽበት ውሳኔውን ሊለውጡት አይገባም። አባሉ ግን አዘውትሮ የሚገልጠው የመጀመሪያውን መዝገብ ነው፤ በየዓመቱ በደብዳቤ የሚደርሰው አኃዝ እርሱ ብቻ ነውና።

አባሉ ለምን በመጀመሪያው መዝገብ ያሰላል?

የምጣኔ ሀብትና የሥነ ልቡና ጥናት ለዚህ ጠባይ ከበቂ በላይ ማብራሪያ አቅርቧል። ሪቻርድ ታለር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ገንዘብን በአንድ ቋት እንደማይዙት፣ ይልቁንም በአእምሯቸው ውስጥ ለየጉዳዩ የተለየ መዝገብ እየከፈቱ እንደሚያሰሉ አሳይቷል። የዕረፍት ነጥብ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል፦ የአእምሮውን መዝገብ በውል የጸና ያደርገዋል። ነጥቡ ለቤት ኪራይ፣ ለሕክምና ወይም ለልጆች ትምህርት ስለማይውል ከሌሎቹ ፍላጎቶች ጋር ተወዳድሮ አይታይም።

ድራዘን ፕሬሌክና ጆርጅ ሎወንስታይን እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳስረዱት፣ አስቀድሞ የተከፈለበት ደስታ የመክፈል ሕመም የማይሰማበት ደስታ ነው። ክሪስቶፈር ሺና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት ሙከራ፣ በሥራና በሽልማት መካከል ነጥብ ጣልቃ ሲገባ ሰዎች የሽልማቱን ጥቅም ትተው የነጥቡን ብዛት ማሳደድ እንደሚጀምሩ አመልክተዋል። ተሳታፊዎቹ ረዘም ያለ ሥራ ሠርተው፣ ብዙ ነጥብ አግኝተው፣ ብዙዎቹ እምብዛም የማይወዱትን የአይስክሬም ዓይነት ይዘው ተመልሰዋል። ነጥቡ መንገድ መሆኑ ቀርቶ መድረሻ ሆነ።

ሼን ፍሬድሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ለሦስተኛው መዝገብ ይበልጥ የቀረበ ነው። ለተሳታፊዎች 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚያወጣ ፊልም የመግዛት አማራጭ ሲቀርብላቸው 75 ከመቶው እንደሚገዙ ተናገሩ። «አልገዛም» ከሚለው ምርጫ አጠገብ ገንዘቡ ለሌላ ግዥ እንደሚተርፍ የሚያስታውስ ሐረግ ሲጨመር ግን ቁጥሩ ወደ 55 ከመቶ ወረደ። ያ ሐረግ ማንም የማያውቀውን ነገር አልነገራቸውም፤ የሚያውቁትን ብቻ አስታወሳቸው። ለታለፈ ዕድል ሰው የሚያስበው ካስታወሱት ብቻ ነው የሚለው ግኝት እዚህ ላይ ታላቅ ክብደት አለው። በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ሰው እንኳ ማስታወሻ ካስፈለገው፣ በነጥብ ለሚከፍለው ምን ያህል ያስፈልገው ይሆን?

የወጣ ወጪም የራሱ ጉልበት አለው። ሃል አርከስና ካትሪን ብሉመር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ሙከራ፣ የዓመት የቴአትር ትኬት በሙሉ ዋጋ የገዙ ሰዎች በቅናሽ ከገዙት ይልቅ በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ብዙ ትርኢት ተመልክተዋል። ትርኢቱ አንድ ሆኖ ሳለ የለያቸው የከፈሉት ገንዘብ ነበር። 30,000 ዶላር የከፈለ ቤተሰብም ነጥቡ ሳይወጣ ቢቀር ይቆጨዋል፤ ቁጭቱም «ምንም ከሚቀር ይሻላል» ወደሚል ውሳኔ ይገፋዋል።

አማራጩ ለማን ይጠቅማል?

የመርከብ አማራጩ ለአባሉ ያለው ጥቅም አነስተኛ ከሆነ ክለቦች ለምን አጥብቀው ይይዙታል? አንዱ መልስ በአጠቃቀሙ ሳይሆን በሽያጩ ላይ ይገኛል። የዲዝኒ ክለብ ደንብ ጥሩ ማሳያ ነው። ከመጋቢት 21 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. በኋላ ከቀድሞ አባል በዳግም ሽያጭ የተገዛ ነጥብ በክለቡ ቤቶች ለማደር ያገለግላል፤ ለመርከብ ሽርሽር ግን አይከፈልም። ሁለቱ ነጥቦች ተመሳሳይ ዓመታዊ ክፍያ ይከፈልባቸዋል፤ አንዱ ግን በመርከብ በር ላይ ይመለሳል።

ከክለቡ በቀጥታ የሚሸጥ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ከዳግም ሽያጩ ይወደዳል። ስለዚህ ገዢው ልዩነቱን ለምን እንደሚከፍል ሲጠይቅ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ መርከቡ ነው። እንግዲህ አባሉ በሁለት በኩል ይከፍላል፦ አንድ ጊዜ አማራጩን ለማግኘት፣ ሌላ ጊዜ አማራጩን ሲጠቀምበት። ይህ አሠራር ከሕግ ውጭ አይደለም፤ ክለቡም ደንቡን አልደበቀም። ነገር ግን የአማራጩ ዋጋ በሽያጩ ዕለት ጎልቶ ሲነገር፣ በአጠቃቀሙ ዕለት ግን በገንዘብ ሳይነገር መቅረቱ የመረጃ ሚዛኑን ያዛባዋል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ነጥብ ጊዜው ያልፍበታል የሚለው ነው። በሁለት ወር ውስጥ ዋጋ ቢስ የሚሆን ነጥብ በ10 ዶላር መመንዘር ከዜሮ ይሻላል። ይህ እውነት ነው። ሦስተኛው መዝገብም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የታለፈው ዕድል ዜሮ ሲሆን መርከቡ ትርፍ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ውሳኔ ከመጥፋት የተረፈ ንብረት እንጂ የአባልነቱ ጥቅም ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም። በየሁለት ዓመቱ ነጥቡን በዚህ መንገድ የሚያተርፍ ቤተሰብ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ስለ መርከቡ ሳይሆን ስለ ውሉ ነው፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው መዝገብ ተገቢ ቦታውን ያገኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ማከራየት ቀላል አይደለም የሚለው ነው። ተከራይ መፈለግ፣ ውል መጻፍ፣ ጉዞው ቢሰረዝ መከራከርና ግብር ማስታወቅ ጊዜና ጭንቀት ይጠይቃሉ። በርካታ ክለቦችም ነጥብን ለንግድ ማዋልን ይገድባሉ። ይህም ተገቢ ነጥብ ነው። መልሱ ድካሙን በስሌቱ ማካተት እንጂ ስሌቱን መተው አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ልዩነቱ 1,200 ዶላር ነው፤ ቤተሰቡ ከዚህ ድካም ለመዳን 1,200 ዶላር ለመክፈል ፈቃደኛ ከሆነ ምርጫው የተከበረ ነው። ማከራየት ፈጽሞ ለማይቻልባቸው ደግሞ ሌላ መለኪያ አለ፦ በዚያው ነጥብ ራሳቸው ሊያድሩባቸው የሚችሉትን ምሽቶች በገንዘብ ቢገዙ ኖሮ ምን ያህል ይከፍሉ ነበር?

ሦስተኛውና ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ዕረፍት የሂሳብ ጉዳይ አይደለም የሚለው ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ሂሳብ ሳያስጨንቃቸው ባሕር ላይ ሰባት ሌሊት ቢያድሩ፣ ያ የአእምሮ ዕረፍት ራሱ ዋጋ አለው። ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ለአእምሮ ዕረፍት የሚከፈል ዋጋ ምርጫ የሚሆነው ከፋዩ ሲያውቀው ነው። ደግሞም የጡረተኛ ገቢ ባለበት ሲቆም ዓመታዊው ክፍያ እየጨመረ ይሄዳል፤ በዓመት 4 ከመቶ የሚጨምር ክፍያ በ18 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በ60 ዓመቱ 1,600 ዶላር ይከፍል የነበረ ሰው በ78 ዓመቱ ከ3,200 ዶላር በላይ ሊጠየቅ ይችላል። ምናልባት በዚያን ጊዜ ወደ መርከብ መሄድ የማይችል ሊሆን ይችላል። በነጻ የተገኘ የመሰለው ጉዞ ይህን ክፍያ ከዓይን ይሰውረዋል፤ ከውሉ የመውጣትን ውሳኔም ያዘገያል። እውነተኛው ጉዳት ከአንድ ጉዞ ኪሳራ ይልቅ ይህ መዘግየት ነው።

ሕጉ የተወው ክፍተት

ሕግ አውጪዎች ታይምሼርን ችላ አላሉትም። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ቁጥር 2008/122 ለሸማቹ ውሉን ያለ ምክንያት የሚተውበት 14 ቀን ይሰጠዋል፤ በእነዚህ ቀናት ቅድሚያ ክፍያ መቀበልንም ይከለክላል። የፍሎሪዳ ግዛት ሕግ ለገዢው የ10 ቀን የመመለሻ ጊዜ ይፈቅዳል። የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በሰጠው ውሳኔ ከ50 ዓመት በላይ የሚዘልቁ ውሎች ዋጋ እንደሌላቸው አመልክቷል። እነዚህ ሁሉ ታላቅ ጥበቃዎች ናቸው፤ ትኩረታቸው ግን በአመዛኙ በፊርማው ዕለትና በውሉ አቋም ላይ ነው። ከፊርማው በኋላ ለአሥርት ዓመታት፣ በየዓመቱ ነጥብ በሚወጣበት ጊዜ፣ ሸማቹ ብቻውን ይቀራል።

የሚያስፈልገው አዲስ ክልከላ አይደለም፤ ሦስት መስመር ጽሑፍ ነው። አባሉ የመርከብ ጉዞ በነጥብ ሲይዝ በማረጋገጫው ቅጽ ላይ፦ አንደኛ፣ ያው ክፍል በዚያው ዕለት በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥበት ዋጋ፤ ሁለተኛ፣ ያ ዋጋ በተጠየቀው ነጥብ ተካፍሎ የሚገኘው የአንድ ነጥብ ምንዛሬ፤ ሦስተኛ፣ በዚያው ነጥብ ሊያዙ የሚችሉ የክለቡ ምሽቶች በዚያ ወቅት ለሕዝብ የሚከራዩበት ዋጋ ሊጻፉ ይገባል። ሦስቱንም አኃዞች ክለቡ ያውቃቸዋል ወይም ያለ ብዙ ድካም ያገኛቸዋል፤ የማያውቃቸው አባሉ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ እርምጃ አርአያ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የብድር እውነተኛነት ሕግ ከመደንገጉ በፊት አበዳሪዎች ወለድን እያንዳንዳቸው በመሰላቸው መንገድ ይገልጹ ነበር። ሕጉ ወለድን አልወሰነም፤ ዋጋው በአንድ የጋራ መስፈሪያ፣ በዓመታዊ መቶኛ፣ እንዲነገር ብቻ አስገደደ። ተበዳሪው አሁንም ውድ ብድር መውሰድ ይችላል፤ ውድ መሆኑን ግን ያነበዋል። ለዕረፍት ነጥብ የሚጠየቀውም ከዚህ የበለጠ አይደለም።

ለኢትዮጵያ ተመራማሪ ምን ፋይዳ አለው?

በኢትዮጵያ ታይምሼርም ሆነ የመርከብ ሽርሽር የብዙኃኑ ጉዳይ አይደለም። በገንዘብ ተገዝቶ ገንዘብ ያልሆነ፣ ጊዜው ሲያልፍ የሚጠፋ መስፈሪያ ግን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደንበኞች የሼባማይልስ ማይል ያጠራቅማሉ፤ የስልክ ተጠቃሚው በየቀኑ፣ በየሳምንቱና በየወሩ የሚያበቃ ጥቅል በብር ይገዛል። ሌሊት ሊያበቃ የተቃረበ ጥቅል ያለው ወጣት ያላሰበውን ፊልም የሚያወርደው ያ የታይምሼር አባል መርከብ በሚይዝበት ምክንያት ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ዕቁብ በብር ተጥሎ በብር ይወጣል፤ ዕጣ የደረሰው አባል ገንዘቡን ለበሬ፣ ለቤት ክዳን ወይም ለሠርግ ሊያውለው ሲያስብ ሁሉንም አማራጮች በአንድ መስፈሪያ ይመዝናል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ እንዲያመለክት ያዛል። ዋጋው በነጥብ፣ በማይል ወይም በሜጋባይት ሲነገር ይህ ግዴታ እንዴት ይተረጎማል? ጥያቄው ለሕግም ለምጣኔ ሀብትም ተማሪ ክፍት ነው።

ለመስክ ጥናትም ጉዳዩ አመቺ ነው። ተጠቃሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ቡድን የነጥቡን የገንዘብ አቻ በማሳየት፣ ለሌላው ባለማሳየት የውሳኔያቸውን ልዩነት መለካት ይቻላል። ነጥባቸው ሊያበቃ የተቃረበና ገና ጊዜ ያላቸው ተሳታፊዎች ተለይተው መተንተን አለባቸው፤ ለመጀመሪያዎቹ ማስታወሻው ለውጥ ባያመጣ እንደ ስሕተት ሊቆጠር አይገባም፤ በሦስተኛው መዝገብ መሠረት ትክክለኛው ውሳኔ ያው ነውና። ማስታወሻው ጊዜ ያላቸውን ብቻ ከለወጠ ግን የችግሩ ምንጭ የስሌት ችሎታ ሳይሆን የመስፈሪያው አቀራረብ መሆኑ ይጠናከራል።

ማጠቃለያ

በታይምሼር ነጥብ የመርከብ ሽርሽር መክፈል በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ነጥብ ላለው ሰው ብልህነት ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ ከውሉ ልውጣ ወይስ ልቆይ ለሚለው ጥያቄ የተዘጋጀውን መዝገብ፣ ነጥቤን ለምን ላውለው ለሚለው ጥያቄ መልስ አድርጎ መጠቀም ነው። ይህን ስሕተት የሚያስከትለው አባሉ አለመማሩ አይደለም፤ ነጥቡ ከገንዘብ ጋር የነበረው ዝምድና በሚከፈልበት ሰዓት መቋረጡ ነው። ዝምድናውን ሦስት መስመር ጽሑፍ መልሶ ሊቀጥለው ይችላል። ከዚያ በኋላ አባሉ ወደ መርከቡ ቢወጣ የከፈለውን አውቆ ይወጣል፤ ባይወጣም ያተረፈውን አውቆ ይቀራል።